ያልፈታሁት ቱቦ

እትዬ መኪናቸውን ይዘው ወደ እኔ የመጡት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ የአገሬ ሰው ጋራዥ አንዲት ጥግ ተከራይቼ እሠራለሁ። እዚህ አገር ናፍጣ የምትጠጣ የቤት መኪና ብዙም አትታይም፤ ያለችው ሰውም መካኒክ ፍለጋ ይንከራተታል። እኔ ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ሥር ተጋድሜ ስለሆነ፣ አሮጌ ናፍጣ ያለው ሐበሻ ሁሉ «እሱ ጋ ሂድ» ይባላል። በዚህ እኮራ ነበር። አስቀድሜ ይህን የማነሣው ኩራቴ በማግስቱ በሆነው ነገር ውስጥ ድርሻ ስለነበረው ነው።

እትዬ ሰባን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲራመዱ ቀጥ የሚሉ ሴት ናቸው። መኪናዋ የሟቹ ባለቤታቸው ነበረች፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ኋላዋ ረዘም ያለ፣ አየር እየገፋ ለሞተሩ ጉልበት የሚጨምር ተርቦ ያላት አሮጌ ናፍጣ። ሰውዬው ሲያርፉ ልጃቸው እንድትሸጥ ብትወተውትም እትዬ እምቢ ብለው፣ በስድሳ ስንት ዓመታቸው መንጃ ፈቃድ አወጡባት። ልጃቸው ከወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ከተማ ትኖራለች፤ ሥራዋ አየር ማረፊያ ነው። እትዬ በሳምንት ሦስት ቀን በጠዋት ተነሥተው፣ ቤልትዌይ በሚባለው ዙሪያ አውራ ጎዳና ሄደው፣ የፖቶማክን ወንዝ በትልቁ ድልድይ ተሻግረው መንታ የልጅ ልጆቻቸውን ይጠብቃሉ። መንቶቹ የአራት ዓመት ሴቶች ናቸው።

«ልጄ፣ መኪናዬ ደከመችብኝ» አሉኝ፣ ገና ሳይወርዱ።

ነገሩን ሲያስረዱኝ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ቤልትዌይ ለመግባት ሲረግጧት አትሄድም። እግራቸው ወለሉ ድረስ ወርዶ እሷ ገና ታስባለች። ባለፈው ሰኞ ከኋላቸው የመጣ ትልቅ ትራክ ጥሩንባውን ለቆባቸው፣ መስታወታቸው በትራኩ አፍንጫ ተሞልቶ፣ «እናቴ ማርያም» እያሉ ወደ ዳር ወጡ። ከዚያ ወዲህ መንቶቹን ሰፈር ውስጥ ወዳለው የዋና ትምህርት ሲወስዱ እንኳ ዳር ዳሩን ይዘው ነው የሚነዱት። ልጃቸው ግን መኪናዋ ምንም አልሆነችም፣ አንቺ ስለምትፈሪ ነው የማትረግጪው ብላቸዋለች። እሳቸውም ይህንኑ ማመን ጀምረዋል። ወደ እኔ የመጡት መኪናዋን ለማስመርመር ብቻ አልነበረም፤ ጥፋቱ የእግራቸው መሆን አለመሆኑን እንድነግራቸው ነው።

አጠገቤ አስቀምጬያቸው በኮልስቪል መንገድ ዳገቱን ወጣሁ። እስከ ወለሉ ረገጥኳት። ለጥቂት ቅጽበት ምንም አላለች፤ ከዚያ እያቃሰተች ተጎተተች። ተርቦ ሲሠራ የሚያሰማው ቀጭን ፉጨት አለ፤ እሱም እንደሚገባው አልወጣም። በመስታወት ሳይ ከኋላችን ሳሳ ያለ ሰማያዊ ጭስ ይከተለናል። አይቼዋለሁ። አላየሁም ማለት አልችልም።

«እትዬ፣ እርስዎ አይደሉም» አልኳቸው። «መኪናዋ ናት።»

ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን» አሉ። መኪናህ ታማለች ተብሎ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም።

ተመልሰን ኮፈኑን ከፈትኩ። ናፍጣ መኪና ጉልበት ሲያጣ ወይ ነዳጅ አንሶታል፣ ወይ አየር አንሶታል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አወጣሁ፤ ንጹሕ ነው። ቀጥዬ የናፍጣውን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ ፈታሁ፤ ውስጡ እንደ ጭቃ ጠቁሮ ተደፍኗል። ያንን ሳይ ልቤ ረካ፤ አዲስ አስገባሁላት። የቀረው ከተርቦው ተነሥቶ፣ በሞተሩ ሥር ዞሮ፣ አየሩን ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው ወፍራም የጎማ ቱቦ ነው። እጄን ወደ ታች ሰድጄ ዳበስኩት፤ እጄ በዘይት ተለውሶ ወጣ። ቱቦውንም እጄንም በጨርቅ ጠረግሁ። አሮጌ ተርቦ ትንሽ ያልበዋል፣ የሁሉም ነገር እንዲህ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ፈትቶ ውስጡን ለማየት መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ የሥሯን ሽፋን ማውለቅ ያስፈልጋል። ጊዜው መሽቷል፤ ሌላ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ የተደፈነ ፊልትሮም ተገኝቷል። ተውኩት።

ይህን ሁሉ ስሠራ እትዬ ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያወሩኝ ነበር። የመንቶቹን ፎቶ በስልካቸው አሳዩኝ፤ የዋና ቆብ አድርገው ቆመዋል። በወሬያቸው መሃል ባለቤታቸው በየወሩ ዘይት ይጨምሩባት እንደነበር፣ አሁን ግን እሳቸው በየሳምንቱ እንደሚጨምሩ ነገሩኝ። እኔም «እሺ፣ እትዬ» አልኩ፣ ሰው ሳያዳምጥ እሺ እንደሚለው።

ዳገቱን እንደገና ስንወጣ መኪናዋ ተስፈነጠረች። እትዬ ሳቁ። ቁልፉን ሳስረክባቸው «ከእንግዲህ ሳይፈሩ ይርገጧት» አልኳቸው።

በማግስቱ ዓርብ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ጋራዡን ከፍቼ የትናንቱን ቆሻሻ ልደፋ ተነሣሁ። ያንን ጨርቅ ሳነሣው ከበደኝ። ቱቦውን የጠረግሁበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስጨምቀው ግን በጣቶቼ መካከል ጥቁር የሞተር ዘይት ወረደ። ላብ ይህን ያህል አይሆንም። እዚያው እንደቆምኩ የእትዬ ቃል ጆሮዬ ላይ መጣ፤ በየሳምንቱ ነው የምጨምረው ብለውኛል። ቀጥሎ ሰማያዊው ጭስ መጣብኝ፤ ዘይት ሲቃጠል የሚወጣው ነው። ሦስቱ ነገር አንድ ላይ ሲገጥም ክው አልኩ።

ተርቦው ከውስጥ አልቋል። የሚለሰልስበትን ዘይት ወደ አየሩ መንገድ እየተፋው ነው፤ ዘይቱም በዚያ ባልፈታሁት ቱቦ ሆድ ውስጥ ተጠራቅሟል። ናፍጣ ሞተር ደግሞ እንደ ቤንዚኑ አይደለም። እሳት የሚጭርለት ነገር አይፈልግም፤ ዘይት ከመጣለት ዘይቱንም ናፍጣ ብሎ ያቃጥለዋል። ያን ጊዜ እግርህን ብታነሣም፣ ቁልፉን ብትነቅልም አይሰማህም። ዘይቱ እስኪያልቅ ወይም ራሱን እስኪሰብር ድረስ ይጮኻል።

ይህን በወሬ አልሰማሁትም። ሙያውን ስማር በነበርኩበት ጋራዥ አንድ አውቶቡስ እንዲህ ሆኗል። እኛ «ሞተሩ አበደ» ነበር የምንለው። ሹፌሩ ቁልፉን በእጁ ይዞ መሬት ላይ ቆሟል፤ ሞተሩ ግን ይጮኻል፣ ጩኸቱ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ግቢው በጭስ ተሞልቶ ሰው ሁሉ ሸሸ። ያስተማረኝ መካኒክ ብቻ የአየሩን መግቢያ ደፍኖ ሊያጠፋው ቀረበ። እሱ ሲጠጋ የሞተሩ ጎን ተሰንጥቆ ብረት ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ በቀኝ እጁ መፍቻ ይዞ አላየሁትም።

የባሰው ግን ሌላ ነገር ነበር። ፊልትሮው ተደፍኖ ሳለ መኪናዋ ጉልበት ስለሌላት ቱቦው ውስጥ የተኛውን ዘይት ስባ አታነሣውም ነበር። እስከዚያ ቀን ያቆያቸው ያ ድካሟ ነው። እኔ ጉልበቷን መለስኩላት፤ መልሼም ሳይፈሩ ይርገጧት አልኩ።

ደወልኩ። ጠርቶ ጠርቶ መልእክት ተው አለኝ። ዓርብ መንቶቹን የሚጠብቁበት ቀን ነው፤ ሲነዱ ደግሞ ስልካቸውን ቦርሳ ውስጥ ከተው ዞር ብለው አያዩትም። ደጋግሜ ደወልኩ። በመጨረሻ መኪናዋን ዳር አቁመው እንዲወርዱ መልእክት ተውኩ፤ ድምፄን እኔው አላወቅሁትም። የልጃቸው ስልክ የለኝም። ቤቷን ግን አውቀዋለሁ፤ በረዶ የጣለ ጊዜ የእትዬ ባትሪ እዚያ ሞቶ ሄጄ አስነሥቼላቸዋለሁ። ቫን ዶርን መንገድ አጠገብ ያለ ረጅም ሕንፃ ነው። የእሳት ማጥፊያውንና አንድ የጣውላ ቁራጭ አንሥቼ መኪናዬ ውስጥ ወረወርኩ። ጣውላው ከደረስኩ አየሩን የምደፍንበት ነው። ሳነሣው ያ መካኒክ ትዝ አለኝ።

ቤልትዌይ ላይ ዳር የቆመ መኪና ባየሁ ቁጥር ቀለሙን እስክለይ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። ነጭ ነው። ቀይ ነው። አንዱ ጥቁር ሰማያዊ ሆነብኝ፤ ስጠጋ ግን አንድ ሰውዬ ጎማ ይቀይራል። ከድልድዩ ስደርስ መንገዱ ጭራሽ ቆመ። ዓይኔ እስኪያይ ድረስ የኋላ መብራት ብቻ ነው። አንድ የእሳት አደጋ መኪና በዳር በኩል እየጮኸ አለፈን። ድሮ የማውቀውን ጸሎት ከመሃሉ ጀመርኩት፤ መጀመሪያው ጠፍቶኛል። መልሼ ደወልኩ። አሁንም ጠርቶ ጠርቶ ዝም።

ድልድዩ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። የነካሁት ፊልትሮ ብቻ ነው፣ መኪናዋ አሮጌ ናት፣ የዘይቱን ነገር ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ማንም ምንም አያውቅም የሚል። ልጆቹ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ገና ሳላውቅ ማምለጫዬን አዘጋጅቼ መጨረሴ ነው። ከሞተሩም ይልቅ እኔው ራሴን ፈራሁት።

ቀስ እያልን ስናልፍ፣ ድልድዩ ላይ የተጋጩት ሁለት ሌሎች መኪናዎች ነበሩ። እነሱን አልፌ በቫን ዶርን ወጣሁ። ሕንፃው አጠገብ ካለው ዳገት መሃል ስደርስ መንገዱ ጠፋ። ነጭ ጭስ እንደ ጉም መሬት ላይ ተኝቶ፣ መኪናዎች መብራት አብርተው ይንፏቀቃሉ። በመስኮቴ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ገባ። መኪናዬን ባገኘሁበት ጥዬ፣ ጣውላዬን ይዤ ሮጥኩ።

ጩኸት አልነበረም። ጸጥታው ባሰብኝ። የእትዬ መኪና አፍንጫዋን ወደ ሣሩ አዙራ ዳር ላይ ቆማለች። የኋላ በሮቿ ሁለቱም ተከፍተዋል። ሁለት የልጆች መቀመጫ፣ ሁለቱም ባዶ፣ ቀበቶዎቹ ተንጠልጥለዋል። አንዲት የእትዬ ጫማ ከበሩ ሥር አስፋልቱ ላይ ወድቃለች። «እትዬ» እያልኩ መኪናዋን ዞርኩ።

ከመንገዱ ከፍ ብሎ ያለው ሣር ላይ አየኋቸው። እትዬ መሬት ተቀምጠው፣ አንዷን መንታ በአንዱ፣ ሌላዋን በሌላው ክንዳቸው አቅፈዋል። አንዷ ታለቅሳለች። ሌላዋ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ዝም ብላለች። ያዩትን ሁሉ ያየች አንዲት የሠፈሩ ሴትዮ ከአጠገባቸው ቆማ ለእሳት አደጋ ሰዎች ስልክ ታወራለች። እዚያ ስደርስ እኔም ተቀመጥኩ።

እትዬ እንደነገሩኝ፣ ጠዋት በቤልትዌይ ሲመጡ መንገዱ ተጨናንቆ መርገጥ አላስፈለጋቸውም፤ ልጆቹን ወደ ዋና ሊወስዱ ከሕንፃው ወጥተው ዳገቱን ሲጀምሩ፣ እንደ ምክሬ ሳይፈሩ ረገጧት። እግራቸውን ሲያነሡ ግን እሷ አልተወችም። እየጮኸች ፈጠነች። ፍሬኑን በሁለት እግራቸው ቆሙበት፤ እየገፋችም ቢሆን አስቆሟት፣ ማርሹን ወደ ማቆሚያው አስገቡ፣ ቁልፉን ነቀሉ። ጩኸቱ ጨመረ እንጂ አልበረደም። ከዚያ በኋላ መኪናዋን ለማዳን አንድም ነገር አልሞከሩም። አንዷን አውጥተው ሣሩ ላይ አስቀመጡ። የሁለተኛዋ ቀበቶ አልላቀቅ አለ። ጣታቸው እየተንሸራተተ፣ በጭሱ ውስጥ ልጅቷ ፊቷ ሳይታያቸው፣ ድምፅዋን ብቻ እየሰሙ ታገሉት። ለምን ያህል ጊዜ እንደታገሉ አያውቁም። ሲላቀቅላቸው ጎትተው አወጧት፣ ሁለቱንም አቅፈው ሽቅብ ወጡ። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ እንደ ጥይት ጮኸና ተሰብሮ ጸጥ አለ። ስልካቸው ያለበት ቦርሳ እዚያው ውስጥ ነበር።

ጨርሰው እጄን ያዙኝ።

«አንተን እግዚአብሔር ላከህ» አሉ። «ልጄ እውነቷን ነው። መንዳት አልችልም፤ አብዝቼ ረገጥኳት። ይኸው አንተ አበጅተህ የሰጠኸኝን ገደልኳት።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ድልድዩ ላይ ያዘጋጀሁትን እሳቸው ራሳቸው አፌ ላይ አድርሰውልኛል። ይህን ሁሉ መንገድ የፈራሁት ሞታቸውን ነበር፤ አሁን በሕይወት ተቀምጠው ሳሉ ዓይናቸውን ፈራሁ።

«እርስዎ አይደሉም፣ እትዬ» አልኩ። «እኔ ነኝ። ትናንት ዘይቱን አይቼ ነበር። ቱቦውን ፈትቼ ማየት ሲገባኝ አልፈታሁም።»

«አይተህ ነበር?»

«አይቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ትንሽ ነገር መስሎኝ፣ መሽቶም ነበር አልኳቸው። ስናገረው እንዴት ትንሽ እንደሆነ ለራሴም ተሰማኝ። እጄን ለቀቁኝ። ወደምታለቅሰው ልጅ ዞረው ራሷን ሳሟት፣ ደግመው ሳሟት። የእሳት አደጋ ሰዎቹ መጥተው መኪናዋን ከበው ተመለከቱ።

«ልጄ እየመጣች ነው» አሉ እትዬ በኋላ፣ ሳያዩኝ። ያቺ የሠፈር ሴትዮ ደውላላት ነበር። «ይህንኑ አንተው ትነግራታለህ። እኔ አልነግርልህም።»

ልጃቸው የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። መንቶቹን አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው፤ እጃቸውን፣ እግራቸውን፣ ጥርሳቸውን ሳይቀር አየች። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጭሱን፣ ጨርቁን፣ እሺ ያልኩትን ዘይት። አልሰደበችኝም። በእንግሊዝኛ «አራት ዓመታቸው ነው» አለችኝ። ያንኑ ደገመችው። ስድብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ወርዳ ያቺን ጫማ ከአስፋልቱ አነሣች፤ እናቷ ፊት ተንበርክካ እግራቸውን ከሣሩ ጠረገችና አጠለቀችላቸው። «እማዬ፣ አንቺ አልነበርሽም» ስትላቸው ሰማሁ። እትዬ ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው።

መኪናዋን ጎትተው ከወሰዱበት ግቢ ሄጄ አየኋት። የሞተሩ ጎን ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ለረጅም ጊዜ ተበላሸ። አንድ መኪና አስረክቤ ሰውዬው መንገድ ሲገባ ያልፈታሁት ነገር ይኖር እንደሆን አስባለሁ፤ ጠርቼ የመለስኳቸው ደንበኞች አሉ፤ አንዳንዶቹ ተሰላችተው ሌላ ዘንድ ሄዱ። የጋራዡ ባለቤት ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ይለቅሃል አለኝ። እንዲለቀኝ መፈለጌን አላውቅም።

እትዬ ሁለት ወር ያህል አልመጡም። በመሃል ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ደህና ነኝ ከማለት በቀር ብዙ አላወሩኝም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ልጃቸው የገዛችላቸውን ትንሽ የቤንዚን መኪና ነድተው ጋራዡ በር ላይ ቆሙ። ለምን ወደ እኔ እንደመጡ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። በርጩማውን ሳቀርብላቸው አልተቀመጡም። ኮፈኑን ስከፍት፣ በክሪክ ሳነሣ፣ ከሥሯ ስገባና ስወጣ አጠገቤ ቆመው እጄን ይከተላሉ።

«ምን አየህ?» አሉ ስጨርስ።

የዝናብ መጥረጊያዋ ጎማ ተሰነጣጥቋል አልኳቸው። የፊት ቀኝ ጎማዋ ከውስጥ በኩል ተበልቷል። የባትሪዋ ማሰሪያ ዝጓል።

«ሌላስ?»

«ከኋላ ግራ ፍሬኗ ዘንድ አንድ ድምፅ አለ። ይመጣል፣ ይጠፋል። ምን እንደሆነ ገና አላወቅሁትም።»

መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ። ቁልፋቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«እንግዲያ ሳታውቀው እንዳትሰጠኝ» አሉና አውቶቡስ ሊጠብቁ ወጡ።